ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት፦ የማይነደው መርዝ

ሀ. ከማንበብ በፊት

በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. አንድ ፈሳሽ እሳት የማይዘው ከሆነ አደገኛ አይደለም ለማለት ይቻላልን?
2. በሠፈራችሁ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም በረኪና በምን ዓይነት ዕቃ ይቀመጣል? በዕቃው ላይ ስሙ ተጽፎበታልን?
3. መርዝ የጠጣ ሰው ሲያጋጥም በአካባቢያችሁ አስቀድሞ ምን ይደረግለታል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ካርቦን ቴትራክሎራይድ

በየዕለቱ የምንመገበው ጨው ሶድየምና ክሎሪን ከሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች የተገኘ ውሕድ ነው። ክሎሪን ብቻውን ሲሆን ዐይን የሚያቃጥልና ትንፋሽ የሚያሳጥር መርዘኛ ጋዝ ነው፤ ከሶድየም ጋር ሲዋሐድ ግን ያለ እርሱ ወጥ የማይጥመውን ጨው ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው የአንድ ንጥረ ነገር ጠባይ ከምን ጋር እንደ ተዋሐደ እየታየ የሚለወጥ መሆኑን ነው። ይኸው ክሎሪን ከካርቦን ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ከጋዙም ከጨውም የተለየ ነገር ይገኛል። አንድ የካርቦን አቶም ከአራት የክሎሪን አቶሞች ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ፈሳሽ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ይባላል። «ቴትራ» በግሪክ ቋንቋ አራት ማለት ነው።

ይህን ፈሳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሬኞ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም 1839 ነበር። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ፈሳሹ ልብስ ሲጸዳበት፣ እሳት ሲጠፋበት፣ ሕመምተኛም ሲታከምበት ብዙ ዘመን ኖረ። በመጨረሻ ግን የዓለም መንግሥታት ከዕለት ተዕለት አገልግሎት ውጭ እንዲሆን ተስማሙ። ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት በመጀመሪያ የፈሳሹን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፈሳሹ ጠባይ

ካርቦን ቴትራክሎራይድ ሲያዩት እንደ ንጹሕ ውኃ ቀለም የሌለው ነው። ሽታውም ጣፋጭነት ስላለው አፍንጫን አያስቀይምም። ከውኃ ጋር በአንድ ዕቃ ቢጨመር አይቀላቀልም። አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አንድ ሊትር ካርቦን ቴትራክሎራይድ ወደ 1.6 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከውኃው ሥር ይዘቅጣል። የሚፈላው በ77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ለመትነን እስኪፈላ ድረስ አይጠብቅም፤ ክዳን በሌለው ዕቃ ቢቀመጥ በተራ የክፍል ሙቀት እንኳ ፈጥኖ ይተናል። ተኑ ከአየር 5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ ከመነሣት ይልቅ በወለል ላይ ይነጠፋል፤ በጉድጓድና በምድር ቤት ውስጥም ይጠራቀማል።

ይሁን እንጂ ፈሳሹን ተፈላጊ ያደረጉት ሁለት ሌሎች ጠባዮች ናቸው። አንደኛው ቅባትን፣ ሰምንና ዝፍትን በቀላሉ ማሟሟቱ ነው። ውኃ ጨውንና ስኳርን እንደሚያሟሟ ሁሉ፣ ይህ ፈሳሽ ውኃ የማያስለቅቀውን ቅባት ያሟሟል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ አሟሚ ይባላል። ሁለተኛው ጠባይ ፈጽሞ የማይነድ መሆኑ ነው። ቤንዚንም ቅባትን ያሟሟል፤ ነገር ግን በአጠገቡ ክብሪት ቢጫር በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ካርቦን ቴትራክሎራይድ በአንጻሩ ክብሪት ቢቀርብበትም አይቀጣጠልም።

በቤተ ሙከራም ቢሆን ተፈላጊ ነበር። አዮዲን በሟሟበት ቡናማ ውኃ ላይ ጥቂት ካርቦን ቴትራክሎራይድ ተጨምሮ ሲወዘወዝ፣ አዮዲኑ ውኃውን እየለቀቀ ወደ ታችኛው ፈሳሽ ይገባና ከሥር ሐምራዊ ቀለም ይታያል። በቀድሞ ጊዜ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን ሙከራ በጠረጴዛቸው ላይ ራሳቸው ይሠሩት ነበር።

ከእሳት ሽሽት

ካርቦን ቴትራክሎራይድ ወደ ሕዝብ አገልግሎት የገባው የእሳትን አደጋ ለማስቀረት ሲባል ነው። ከዚያ በፊት ልብስን ያለ ውኃ የሚያጸዱ ሠራተኞች በቤንዚንና ቤንዚን በመሰሉ ፈሳሾች ይጠቀሙ ስለ ነበር ቃጠሎ ይደርስባቸው ነበር። ለንደን ውስጥ የሴቶችን ጠጉር ከነዳጅ ዘይት በተገኘ ፈሳሽ ማጠብ ተለምዶ ሳለ፣ በ1897 ፈሳሹ ተቀጣጥሎ አንዲት ሴት በቃጠሎው ሞተች። ከዚህ በኋላ ጠጉር አጣቢዎቹ የማይነደውን ካርቦን ቴትራክሎራይድ መጠቀም ጀመሩ። በ1909 በዚያው በለንደን ከተማ፣ በአንድ ታላቅ መደብር ውስጥ ጠጉሯን በዚህ ፈሳሽ ስትታጠብ የነበረች የ29 ዓመት ወጣት እዚያው በተቀመጠችበት ሕይወቷ አለፈ። እሳት አልተነሣም፤ ጭስም አልታየም። የገደላት ከራሷ ላይ እየተነነ ወደ ሳንባዋ የገባው ተን ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሰዎች በፈሳሹ ላይ የነበራቸው እምነት አልቀነሰም። ከ1910 በኋላ ባሉት ዓመታት በእጅ የሚረጩ የእሳት ማጥፊያዎች በካርቦን ቴትራክሎራይድ ተሞልተው ይሸጡ ጀመር። ፈሳሹ በእሳት ላይ ሲረጭ ፈጥኖ ይተንና ከባዱ ተን እሳቱን አየር ይነሣዋል። የኤሌክትሪክ ኃይልን ስለማያስተላልፍም ለመኪና፣ ለአውሮፕላንና ኤሌክትሪክ ላለበት ክፍል ሁሉ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን በዚህም አገልግሎቱ ሌላ አደጋ ነበረበት። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ራሱ ባይነድም፣ በአየር መካከል ከእሳት ወይም ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ ከፊሉ ተለውጦ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር መሣሪያነት የዋለ፣ ሳንባን የሚያበላሽ መርዝ ነው። ክፉነቱም ወዲያው አለመታወቁ ነው፤ በትንሹ የሳበው ሰው ለጊዜው ምንም ያልሆነ መስሎት ይቆይና ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ይሞላል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ውስጥ እሳቱን በዚህ ፈሳሽ ያጠፋ ሰው ከቃጠሎ ድኖ በጋዝ ሊሞት ይችል ነበር።

በሕክምናም ረገድ ታሪኩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1921 ሞሪስ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የጥገኛ ትላትል ተመራማሪ ፈሳሹ መንጠቆ ትልን ከአንጀት እንደሚያስወግድ ገለጸ። መንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ወደ ሰውነት የሚገባና ደም እየመጠጠ የሚያከሳ በመሆኑ፣ ርካሽ መድኃኒት መገኘቱ ታላቅ የምሥራች ነበር። በብዙ አገሮችም እጅግ ብዙ ሰዎች ዋጡት። አብዛኞቹ ተፈወሱ፤ ጥቂቶቹ ግን ከትሉ ድነው በጉበት ሕመም ሞቱ። ከሞቱት መካከል የአልኮል መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ነበሩባቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሌላ መድኃኒት እየተተካ ሄደ።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ካርቦን ቴትራክሎራይድ ወደ ሰውነት የሚገባው በሦስት መንገድ ነው፤ በትንፋሽ፣ በአፍና በቆዳ። በቆዳ ላይ ሲፈስ የቆዳን ወዝ አሟሙቶ ያደርቀዋል፤ ከዚያም አልፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ተኑን የሳበ ሰው በመጀመሪያ ራሱ ይከብደዋል፣ ይዞርበታል፣ ያቅለሸልሸዋል። ብዙ ከሳበ ደግሞ ራሱን ይስታል፤ ልቡም ሥርዐት ያጣ አመታት መትታ ልትቆም ትችላለች።

ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በጉበት ላይ ነው። ጉበት ወደ ሰውነት የገባውን ባዕድ ነገር እየለወጠ የሚያስወግድ የአካል ክፍል ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ ሲደርሰውም ልማዱን ተከትሎ ሊለውጠው ይነሣና ከአራቱ የክሎሪን አቶሞች አንዱን ይነጥለዋል። የቀረው ክፍል ግን ከመጀመሪያው ፈሳሽ ይልቅ የከፋ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ እየተናከሰ የጉበት ሕዋሳትን የስብ ሽፋን ያፈርሳል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም የአልኮል መጠጥ በሚያዘወትር ሰው ጉበት ውስጥ ይበረክታል። በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ሰዓት አብረው ከሠሩ ሁለት ሰዎች መካከል አንዱ በራስ ምታት ብቻ ሲያመልጥ፣ መጠጥ አዘውታሪው ግን ለሞት የበቃበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞች የጻፉት ይህን ያስረዳል።

ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የሕመሙ አካሄድ ነው። የመጀመሪያው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ንጹሕ አየር ሲገኝ ይተዋል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ይሆናል። ከአንድ እስከ አራት ቀን ከቆየ በኋላ ግን ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንቱም ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቆማል። ይህም ጉበቱና ኩላሊቱ መጎዳታቸውን ያመለክታል። በመካከል የነበሩት የደኅና ቀኖች መርዙ ሥራውን በስውር ይሠራባቸው የነበሩ ቀኖች ናቸው።

ሽታውም ቢሆን በቂ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጤና ጠበብት ጉባኤ በሥራ ቦታ የሚገኘው መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ከ5 እጅ እንዳይበልጥ ይመክራል። የብዙ ሰው አፍንጫ ግን ሽታውን የሚለየው መጠኑ ከዚህ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ከሸተተኝ እወጣለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ይነቃል። ፈሳሹ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር እንዳስከተለም ተረጋግጧል።

ከምድር እስከ ሰማይ

የፈሳሹ ጉዳት በሰው ላይ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ከምድር ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በብዛት የሚገኘው ኦዞን የተባለው ጋዝ ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር ይከላከልልናል። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ለማቀዝቀዣ የሚያገለግሉ ክሎሪን ያለባቸው ጋዞች ወደዚህ ከፍታ እየደረሱ ኦዞንን እንደሚያጠፉ አስታወቁ። ከእነዚህ ጋዞች ዋና ዋናዎቹ የሚሠሩት ከካርቦን ቴትራክሎራይድ ነበር። እርሱም ራሱ ኦዞንን ያጠፋል። በዝናብ አይታጠብም፤ በቶሎም አይበላሽም፤ በአየር ውስጥ ወደ 30 ዓመት ያህል እየቆየ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። እዚያም የፀሐይ ጨረር ሲሰብረው የሚለቀቀው አንድ የክሎሪን አቶም በሺህ የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪሎችን ያፈርሳል። እሳት እንዳይዘው ያደረገው ያው ጽናቱ ከዚህ ሁሉ ከፍታ ድረስ ሳይበላሽ እንዲደርስ አደረገው ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ካርቦን ቴትራክሎራይድም በ1990 ለንደን ላይ በተደረገው ማሻሻያ ከሚከለከሉት ነገሮች መካከል ተጨመረ። ኢትዮጵያ በ1994 የስምምነቱ አባል ሆነች። በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች ከ1996 ጀምሮ፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ፈሳሹን ለተራ አገልግሎት ማምረትና መጠቀም እንዲያቆሙ ተወሰነ። ዛሬ የሚመረተው በአመዛኙ ለሌሎች ኬሚካሎች ጥሬ ዕቃ እንዲሆን ነው።

በልብስ ማጽጃና በብረታ ብረት ማጠቢያ ቦታውን የወሰዱት ትራይክሎሮኤትሊንና ፐርክሎሮኤትሊን የተባሉ፣ እነርሱም ክሎሪን ያለባቸው አሟሚዎች ናቸው። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባሳተመው ጥናት ትራይክሎሮኤትሊን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ገልጿል። ስለዚህ አንድን አደገኛ ነገር በሌላ በምንተካበት ጊዜ «ያኛው የነበረበት ጉድለት የለበትም» ማለት አይበቃም፤ «የራሱ ጉድለት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአያያዝ ጥንቃቄ

ምርቱ ቢገታም ከቀድሞ ዘመን የተረፉ ጠርሙሶችና የእሳት ማጥፊያዎች በአሮጌ ዕቃ ቤቶች ሊገኙ ይችላሉ። ፈሳሹም በመቆየቱ መርዝነቱን አያጣም። ስለዚህ የሚከተሉትን ማወቅ ይጠቅማል።

1. ስም ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አትክፈቱ፣ አታሽትቱ፣ አትቅመሱ። ለመምህር ወይም ለኃላፊ አመልክቱ።
2. ማናቸውንም ኬሚካል በለስላሳ መጠጥ ወይም በዐረቄ ጠርሙስ አታስቀምጡ። የኬሚካል ዕቃ የነበረውንም ጀሪካን ለውኃ አታድርጉ፤ ቢታጠብም አይታመንም።
3. ሥራው ግድ ከሆነ አየር ወደ ውጭ በሚስብ መሣሪያ ሥር፣ በሠለጠነ ሰው ይሠራ። ተኑ ወደ ታች ስለሚወርድ መስኮት መክፈት ብቻ በቂ አይደለም።
4. ተራ የላስቲክ ጓንት አያድንም፤ ፈሳሹ ሰርስሮ ያልፈዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጓንትና የዐይን መከላከያ ያስፈልጋል።
5. በአጠገቡ እሳት አይነድ፣ ሲጋራም አይጨስ። የሚፈራው ቃጠሎ ሳይሆን ከሙቀቱ የተነሣ የሚፈጠረው ፎስጂን ነው።
6. ከሶድየም፣ ከፖታስየምና ከአሉሚኒየም ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ፤ ከእነርሱ ጋር በኃይል ሊፈነዳ ይችላል።
7. በመሬት ላይ ወይም በቦይ አይደፋ። ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ዘልቆ የጉድጓድ ውኃን ይበክላል።

አደጋ ቢደርስ ተኑን የሳበውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ፈሳሽ የነካውን ልብስ ማውለቅና ገላን በብዙ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይገባል። ፈሳሹን የዋጠ ሰው ግን እንዲያስመልስ አይገደድ። በየሠፈሩ መርዝ የጠጣን ሰው ወተት ወይም ዘይት ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። የሚያደርጉትም ሰዎች ለማዳን አስበው ነው። ይህ መርዝ ግን በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ የወተቱ ቅባት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይጨምረዋል። የሚበጀው ሕመምተኛውን ከነጠርሙሱ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው፤ «ተሻለኝ» ቢልም እንኳ መቅረት የለበትም።

የካርቦን ቴትራክሎራይድ ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። ፈሳሹን ያመኑት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ እሳትን ፈርተው የማይነደውን መረጡ። ስሕተታቸው የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። «ይነዳል ወይስ አይነድም?» ብለው ትክክለኛውን መልስ አገኙ፤ «ብንተነፍሰውስ?» ብለው ግን በጊዜው አልጠየቁም።

ሐ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ምንባቡ ስለ ገበታ ጨው በመናገር የጀመረው ለምንድን ነው?
2. የካርቦን ቴትራክሎራይድ ተን በምድር ቤት ውስጥ የሚጠራቀመው በምን ምክንያት ነው?
3. በ1897 እና በ1909 ለንደን ውስጥ የደረሱት አደጋዎች በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. የአልኮል መጠጥ የሚያዘወትር ሰው በዚህ ፈሳሽ ይበልጥ የሚጎዳው ለምንድን ነው?
5. «በመካከል የነበሩት የደኅና ቀኖች መርዙ ሥራውን በስውር ይሠራባቸው የነበሩ ቀኖች ናቸው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
6. የፈሳሹ ጽናት በአንድ በኩል ጥቅም፣ በሌላ በኩል ጉዳት የሆነው እንዴት ነው?
7. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች «እውነት» ወይም «ሐሰት» በማለት መልሱ፤ ሐሰት የሆኑትን አርሙ።
 ሀ) ካርቦን ቴትራክሎራይድ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል።
 ለ) ሽታው ካልተሰማን በአየሩ ውስጥ ጎጂ መጠን የለም ማለት ነው።
 ሐ) ፈሳሹን ለዋጠ ሰው ወተት መስጠት ይጎዳዋል።

መ. የቃላት ጥናት

1. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የተሰጣቸውን ፍቺ አጥኑ።

አሟሚ፦ ሌላውን ነገር በውስጡ እንዲሟሟ የሚያደርግ ፈሳሽ
ተን፦ ከፈሳሽ ወጥቶ እንደ አየር የሚሆን ነገር
ወዝ፦ ቆዳን የሚያለሰልስ የተፈጥሮ ቅባት
ዘቀጠ፦ ወደ ሥር ወርዶ ተቀመጠ
ሰረገ፦ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገባ
ባዕድ፦ ከሌላ የመጣ፣ የራስ ያልሆነ
ጽናት፦ ሳይለወጥና ሳይበላሽ መቆየት

2. ከዚህ በላይ ከተሰጡት ቃላት በአምስቱ የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

3. «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አነጋገር ከመጥፎ ወደ ባሰ ሁኔታ መሄድን ያመለክታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውስ ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያመለክታል? ከሁለቱ ለለንደኑ ታሪክ ይበልጥ የሚስማማው የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ሠ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ) ፈሳሹ ስለማይነድ ሰዎች አመኑት።
ለ) ፈሳሹ ባይነድም ሰዎችን ይመርዛል።

በ«ሀ» ውስጥ «ስለማይነድ» የሚለው ጥገኛ ሐረግ የዋናውን ሐረግ ምክንያት ይገልጻል። ሰዎቹ ያመኑት ፈሳሹ የማይነድ በመሆኑ ነው። በ«ለ» ውስጥ ግን «ባይነድም» የሚለው ጥገኛ ሐረግ ምክንያትን አይገልጽም፤ ከዋናው ሐረግ ጋር የሚጻረር ሐሳብ ይዟል። አንባቢው ከመጀመሪያው ሐሳብ የሚጠብቀው ሳይሆን ሲቀር በዚህ አገባብ እንጠቀማለን። ይኸውም ግሡ በመነሻው «ቢ» ወይም «ባይ»፣ በመድረሻው «ም» ሲጨመርበት የሚገኝ ነው። ይህንኑ ሐሳብ «ነገር ግን» በሚለው ቃል መግለጽም ይቻላል፦ «ፈሳሹ አይነድም፤ ነገር ግን ሰዎችን ይመርዛል።»

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች «ቢ ... ም» ወይም «ባይ ... ም» በሚለው አገባብ አያይዙ።

ምሳሌ፦ ሽታው ደስ ያሰኛል። ሳንባ ገብቶ ጉበትን ይጎዳል።
 ሽታው ደስ ቢያሰኝም ሳንባ ገብቶ ጉበትን ይጎዳል።

1. ሕመምተኛው ለጊዜው ይሻለዋል። ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።
2. ሠራተኛው ጓንት ያደርጋል። ፈሳሹ እጁን ይነካዋል።
3. ጠርሙሱ ያረጃል። በውስጡ ያለው መርዝ ኃይሉን አያጣም።
4. ጭስ አይታይም። ክፍሉ በተን ተሞልቷል።

መልመጃ ሁለት። በባዶው ቦታ በቅንፍ ከተሰጡት አንዱን መርጣችሁ አስገቡ።

1. ተኑ ከአየር ______ በወለል ላይ ይነጠፋል። (ስለሚከብድ፣ ቢከብድም)
2. ጀሪካኑ በደንብ ______ ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። (ስለሚታጠብ፣ ቢታጠብም)
3. ፈሳሹ በዝናብ ______ በአየር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል። (ስለማይታጠብ፣ ባይታጠብም)

ረ. ጽሕፈት

ከሚከተሉት አንዱን መርጣችሁ ጻፉ።

1. በትምህርት ቤታችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ያለበት አሮጌ ጠርሙስ ተገኘ እንበል። በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ከአርባ ቃላት ያልበለጠ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። የፈሳሹ ስም፣ ዋናው አደጋ፣ መደረግ የሌለበት ነገርና ሲነካ የሚወሰደው እርምጃ ተለይተው ይታዩ።

2. አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችሁ ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሞልተው ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ ያስቀምጣሉ። «እርስዎ» እያላችሁ፣ ሳታስቀይሟቸው፣ ልማዱን እንዲተዉ የሚያስረዳ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ምክንያታችሁን ከምንባቡ ባገኛችሁት ዕውቀት አስደግፉ።

ሰ. ክርክር

በሁለት ወገን ተከፍላችሁ «አንድ ጠቃሚ ነገር ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ እስኪታወቅ ድረስ ለሕዝብ አገልግሎት መዋል የለበትም» በሚለው ርእስ ላይ ተከራከሩ። ደጋፊዎቹ የለንደኑን ታሪክ፣ ተቃዋሚዎቹ የመንጠቆ ትሉን መድኃኒት በማስረጃነት ሊያቀርቡ ይችላሉ።